ሳሊም በአምቡሊ መታጠፊያ ያፈሰሰው ውሃ

ይህ ነገር የሆነው ጅቡቲ ውስጥ፣ ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ስመክር ደጋግሜ አነሳዋለሁ። እነሱ መስማት ሳይሰለቻቸው አልቀረም። ለአንባቢ ግን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍሁት።

በዚያ ጊዜ በባቡር መጠገኛው እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛውን ከዳዊት፣ ፈረንሳይኛውን በባቡር ከሚመጡት የዕቃ ሳጥኖች ላይ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ለዚህም ይመስለኛል ጨዋታ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። የበኩር ልጄ ካሳ ለአንድ አርመናዊ ነጋዴ በሞተር ሳይክል ሊወዳደር፣ ለዚያም ደመወዝ ሊቆረጥለት መሆኑን ሲነግረኝ ጆሮዬን አላመንሁም።

«ሰው ወድቆ እንዲሰበር ደመወዝ ይከፈለዋል?» አልሁት።

«እንዲቀድም ነው እንጂ አባባ።»

እናቱ ስለለመነችኝ አንድ ወቅት ፈቀድሁለት። ውድድሩ የሚካሄደው የጅቡቲ ሙቀት ቀለል በሚልባቸው ወራት ነበር። ቃሌ ግልጽ ነው፤ የወቅቱ አሸናፊ ከሆነ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ሞተሩን አስረክቦ ከእኔ ጋር ባቡር መጠገኛው ይገባል። ጉልበቴን ስሞ ተስማማ።

መንገዱ ከወደቡ በር ይነሳና በከተማው ሠፈሮች አጠገብ አልፎ፣ አምቡሊ ካሉት የአትክልት ቦታዎች ደርሶ ይመለሳል። ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ አሸዋ ነው። መጀመሪያ ለቁጥጥር ያህል ብዬ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ውድድር ማንም ሳይጠራኝ ነው የሄድሁት። አንድ ሰው ያንን የሚያጓራ ብረት በአሸዋ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲይዘው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እጅ፣ ዓይንና ልብ አንድ ላይ ካልሠሩ አይሆንም።

ከካሳ ጋር የሚፎካከረው ሳሊም የሚባል፣ ድሬዳዋ ያደገ የየመን ሰው ነበር። በልጄ ስም «አቡ ካሳ» ይለኛል። እንደ ድሬዳዋ ልጅነቱ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ይህ ቅር ይለኝ ነበር። አንዱን ሳሊም ሲያሸንፍ ሌላውን ካሳ እያሸነፈ ወቅቱ ወደ መጨረሻው ደረሰ። ከሁለቱ የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈ ወቅቱን ይወስዳል ተባለ፤ አንድ ግሪክም በነጥብ በቅርብ ይከተላቸው ነበር።

ፈረንሳዮቹ ያንን ውድድር ያደረጉት በእነሱ ፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ዕለት ነበር። በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛው ቀድሞ ስለዋለ ያ ሰኞ ለእኛ ሰሞነ ሕማማት ነው። እስኪመሽ እህል ውሃ የማይቀመስበት ሳምንት ነው።

«በሕማማት ምን ሩጫ ነው?» አልሁት ካሳን።

«ሥራዬ እኮ ነው አባባ። እርስዎስ ሰኞ ባቡር አይጠግኑም?»

«ሥራ ከሆነ እንደ ሠራተኛ ጾመህ ሥራ» አልሁት። እሱም ጾመ።

ውድድሩ ጠዋት ይጀመራል ተብሎ ሹማምንቱ ስለዘገዩ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። እኔና የሥራ ጓደኛዬ ዘለቀ አምቡሊ መታጠፊያው አጠገብ ቆመን እንጠብቃለን። በመጀመሪያው ዙር ካሳ እየመራ አለፈ። በሁለተኛው ዙር ሲመጣ ግን ሞተሩ እንደ ሰካራም ተወላገደ። ከመንገዱ ወጣና አሸዋው ላይ ተዘረረ። ሳሊም ወዲያው ከኋላው ደረሰ።

መንገዱ ባዶ ነው። ወቅቱም፣ ዋንጫውም በሳሊም እጅ ገባ ማለት ነው። ሳሊም ግን ሞተሩን አቁሞ ወረደ።

እስክደርስ ድረስ ካሳን በተምር ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝቶታል። አጥንቱ ደኅና ነው፤ የጣለው ሙቀቱ ነበር። ሳሊም ከወገቡ ኮዳውን ፈትቶ ወደ ልጄ አፍ አስጠጋ። ካሳ ዓይኑን ገለጠና ፊቱን አዞረ።

«አጠጣው እንጂ ሰውዬ!» ብሎ ዘለቀ ጮኸ።

ሳሊም የልጄን ከንፈር አየ። ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። «ጾመኛ ነህ?» አለው በቀስታ። ካሳ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። ውሃውን በካሳ አናት ላይ፣ በማጅራቱና በክንዶቹ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰው። ጥምጥሙን ፈትቶ ነክሮ በራሱ ላይ ጠመጠመለት። የቀረችውን ጉንጭ የምታህል ውሃ ከነኮዳው አጠገቡ አኖረለት።

«ከፈለግህ ይኸው፤ ታመሃልና አምላክህ አይቆጣህም። ካልፈለግህ ማንም አያስገድድህም። እኛም ረመዳን አለን፤ ውሃ ለጉሮሮ ብቻ አልተፈጠረም።»

እውነቱን ነው። የታመመ እንዲጠጣ ቤተ ክርስቲያናችንም አትከለክልም። እኔም ጠጣ ልለው አፌን ስከፍት ካሳ ፈገግ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። ኮዳውን ለሳሊም መለሰለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌሎቹ ነጂዎች አቧራቸውን አልብሰውን አለፉ።

«አንተ ሳሊም፣ ዋንጫህን እኮ አሸዋ ላይ አፈሰስኸው!» አለው ዘለቀ።

«አሸዋውስ አይጠማም እንዴ?» አለ ሳሊም፤ እየሳቀ ሞተሩን አስነሣ። ግን ረፍዷል። ያን ዕለት ግሪኩ አሸነፈ። ዳኞቹም የወቅቱን ድምር ቆጥረው ዋንጫውን ለግሪኩ ሰጡት።

በማግሥቱ ካሳ ሳልጠራው መጠገኛው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ቃሌ ቃል ነው አባባ» አለ። ልቤ ባይፈቅድም አስገባሁት። አባት ቃሉን ካጠፈ ልጅ ምን ይይዛል ብዬ ነበር።

በእኛ ፋሲካ ዕለት ሳሊም አንድ ቅርጫት ተምር ይዞ ቤታችን መጣ። ገና ሳይቀመጥ ወደ እኔ ዞረ።

«አቡ ካሳ፣ ምን አደረግሁህ?»

«ምን አልሁህ?»

«ልጁን ባቡር ጠጋኝ አደረግኸው አሉ። እኔ ከማን ጋር ልሽቀዳደም? ከግሪኩ ጋር? ሆዱ እኮ ከእሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው!»

የካሳ እናት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ካሳ መሬት መሬት ያያል። እኔም እንዳልስቅ ጥርሴን ነከስሁ። ያ ሰው ልጄን ከነጾሙ ከአሸዋ ላይ አንሥቶልኛል። ተፎካካሪው ቢቀርለት ለእሱ በተሻለው ነበር። እሱ ግን ሊለምንለት መጣ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያሉበትን ሥራ ጨዋታ ብዬ መናቄ ልክ እንዳልነበር ገባኝ።

«በል እንግዲህ ሂድ፤ ሞተርህን ጥረግ» አልሁት ካሳን።

የሚቀጥለው ወቅት ሲከፈት ረመዳን ገብቶ ነበር። ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁለት ግርባ፣ ሁለት የቆዳ ስልቻ ማለት ነው፣ ውሃ አስሞልቼ አምቡሊ መታጠፊያው ላይ ቆምሁ። ሳሊም ሲመጣ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ። ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገልኝ። አንዱን ግርባ አናቱና ትከሻው ላይ ገለበጥሁለት። ራሱን እንደ ረጠበ ወፍ አራግፎ ተፈተለከ።

ካሳ ከኋላ ደረሰ። «ለእኔስ አባባ?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ወሬህን ትተህ ንዳ!»

ሳሊም በአንድ ጎማ ርቀት ቀደመው። ማታ ካሳ ለእናቱ «ያሸነፈኝ የአባባ ውሃ ነው» እያለ ከሰሰኝ። አልካድሁም። ልጄ በተሸነፈበት ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤት የገባሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።