እትዬ በላይነሽ ባሕሩን በሥሩ ሲሻገሩ

ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከሳን ሆዜ ተነሣሁ። የተላክሁት ለቁም ነገር ነው፤ እትዬ በላይነሽን ከኦክላንድ አንሥቼ ሳን ፍራንሲስኮ ማድረስ። የጓደኛዬ የሰብለ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና እናቷ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቄሱ ከሎስ አንጀለስ ድረስ ለዚሁ መጥተው ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። የምታነሣት ካልደረሰች ልጅቱ ሳትጠመቅ ቀኗ ሊያልፍ ነው። ሰብለ ደውላ፣ «አደራህን፣ እንዳታረፍድ! ስትነሣ ኮል አድርግልኝ» ስትለኝ፣ «በኔ ጣይው» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ፍሪዌዩ ባዶ ነበር። በስተምሥራቅ ያሉት ኮረብቶች ሣራቸው ደርቆ ወርቅማ ሆኗል። መኪናዬ ግን ፍሩትቬል የሚባለውን የኦክላንድ ሰፈር እንዳለፍን ማጉረምረም ጀመረች፤ እትዬ በላይነሽ ደጃፍ ስደርስ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ውሃ ፈልቶባታል።

እትዬ በላይነሽ ነጭ በነጭ ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በሱዳን በኩል ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። መኪና ያለው ሰው ካልወሰዳቸው ከሰፈራቸው ወጥተው አያውቁም፤ እንግሊዝኛቸውም ከ«ሀሎ» አያልፍም።

«መኪናዋ አትሄድም እትዬ። የሚያዋጣን ባቡር ነው» አልኳቸው።

«የታለ ባቡሩ?»

«ከመሬት ሥር ነው።»

«ሳልሞት መቃብር ልታስገባኝ ነው?» አሉ። ይህን እያሉ ግን መንገዱን ጀምረውት ነበር።

ከመሬት በታች

ጣቢያው መሃል ከተማ፣ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ሥር ነው። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ክርናቸውን ይዤ ወረድን። ጭጋጉን ከላይ ትተን ብንወርድ ከታች ብርሃኑ ቦግ ብሏል። ከማሽኑ ሁለት ቲኬት አውጥቼ ወደ መግቢያው ሄድን። ቲኬቱን ስታጎርሰው ሁለቱ ክንፎች ገለል ይሉልሃል፤ ታልፋለህ፤ መልሰው ይዘጋሉ። የኔን አጎረስኩትና አስተዳደጌ አላስችል ብሎኝ ጥግ ያዝኩ።

«ይቅደሙ እትዬ።»

«ኧረ በሥላሴ! አንተ ቅደም እንጂ፣ መንገዱን የምታውቅ አንተ።»

«እርስዎ ቆመው?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? እለፍ በሞቴ!»

በሞቴ፣ እኔ ልሙት ስንባባል ክንፎቹ ተዘጉ። ድጋሚ ባጎርሰው ማሽኑ ቲኬቴን ተፋው፤ በእሱ ቤት እኔ ገብቻለሁ። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። በመስታወት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ወጥቶ እሳቸውን በራሳቸው ቲኬት አሳለፋቸው፣ ለኔ የጎኑን በር ከፈተልኝ። «አንድ በአንድ፣ ወንድሜ!» አለኝ እየሳቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይማር ነበር። ታች ስንወርድ ከዋሻው ሞቅ ያለ ነፋስ መጥቶ ነጠላቸውን አውለበለበው፤ ባቡሩ ከተፍ አለ። «ትልቁ ገበያ ያለበት ጋ ነው የምንወርደው» ብያቸው አስቀድሜ አስገባኋቸው። ልከተል ስል ምርኩዝ የያዙ አሮጊት መጡ፤ አሳለፍኩ። ሕፃን ያቀፈች ሴት መጣች፤ እሷንም አሳለፍኩ። በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ።

እትዬ በላይነሽ በመስኮቱ አፍጥጠው አዩኝ። ባቡሩ ይዟቸው ሄደ። የልጅቱ የክርስትና እናት ቋንቋ ሳያውቁ፣ አድራሻ ሳይዙ ብቻቸውን ባሕር ሥር ሊገቡ ነው።

ባሕሩ ሥር

ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ ማንንም አላስቀደምኩም። ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፤ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ባቡሩ ምዕራብ ኦክላንድ ላይ ፀሐይ አሳይቶን ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሥር ጠለቀ። ጆሮዬ ተደፈነ። ከባሕሩ ይልቅ ሰብለን ፈራሁ። ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርቼ ስለት ገባሁ።

ሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያው ጣቢያ ወርጄ ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩ፤ የሉም። በሚቀጥለው ባቡር ሁለተኛው ጣቢያ ደረስኩ፤ እዚያም የሉም።

መውረጃችን በነበረው በፓወል ጣቢያ በሩ ሲከፈት ዕልልታ ሰማሁ። ጣሪያው እየመለሰው አዳራሹ ሁሉ እልል አለ። ጋዜጣ የሚያነቡት ቀና አሉ፤ ከላይ ሳክስፎን ይነፋ የነበረው ሰው ዝም አለ። እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ አግዳሚው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሮጬ አቅፌ ሳምኳቸው፤ እንባዬም መጣ።

«እንዴት እዚህ መውረድ አወቁ?»

«ምን ዕውቀት አለው? ገበያ ያለበት ነው አላልከኝም? ሴቶቹ ባዶ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ግር ብለው ሲነሡ ተነሣሁ። ከድሬዳዋ ጨርቅ እያመጣሁ ስነግድ ባቡር ላይ ነው ያረጀሁት፤ ገበያተኛ ከወረደበት መውረድ ነው። በል ና፣ ልጄ ትጠብቀኛለች!»

መውጫው ላይ ቲኬታቸውን ራሳቸው አጎርሰው ዞር ሳይሉ አለፉ።

ዳገቱ ላይ

የምንጸልየው ከፈረንጆቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ዳገቱን እኔ እያለከለክሁ፣ እሳቸው ጥለውኝ ወጡ። ስንገባ ቄሱ ውሃውን ይባርካሉ፤ ሰብለ ልጇን አቅፋ በሩን በሩን ታያለች። ስታየን ፊቷ በራ።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ። ከውሃው የወጣችውን እርጥብ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ልጅቱ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ እኛም ዕልልታችንን። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምሳ ላይ በስንዴ ዱቄትና ክለብ ሶዳ በሚሉት የፈረንጅ አምቦ ውሃ የተጋገረ እንጀራ በዶሮ ወጥ በላን። እትዬ በላይነሽ «ከባሕሩ ስወጣ» እያሉ ታሪኩን በደጋገሙት ቁጥር የባሕሩ ጥልቀት ይጨምር ነበር፤ እኔ የበሩን ታሪክ እየሰማሁ መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ። ሰብለ ቤት እንዲያድሩ ተባለ፤ እኔ በማግስቱ ልመልሳቸው ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት

በባቡሩ ኦክላንድ ተመልሼ መኪናዬን ውሃ አጠጥቼ፣ እየለመንኳት ሳን ሆዜ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። እኛ መኪና ያለን ሰዎች ይህን ሁሉ ወር እትዬ በላይነሽን ስናመላልስ ጽድቅ የሠራን መስሎን ነበር። መንገዱን ልናሳያቸው ግን አንዳችንም አላሰብንም። የረዳነው ሰው ያለ እኛ አይችልም ብለን ማመን ምንኛ ቀላል ነው።

እሑድ ልወስዳቸው ቁልፌን ሳነሣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ በላይነሽ ናቸው።

«አትልፋ፣ ቤቴ ገብቻለሁ» አሉኝ።

«ማን አመጣዎት?»

«ማን ያመጣኛል? ራሴ ነኝ የመጣሁት። ይልቅ መኪናህ እስክትሠራ የምትሄድበት ካለ ንገረኝ፤ መጥቼ አደርስሃለሁ።»