መርፌ የማይወድ እብጠት

የእህቴን ሁለት ጥርሶች የነቀልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ጂንካ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ከወባና ከተቅማጥ ውጭ የሆነ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር፤ መደንገጤን ግን ለማንም አላሳይም። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀኝ ጉንጯ አበጠ፣ በዚያው በኩል ጥርሶቿ ተነቃነቁ፤ ደግሞ ብዙም አያማትም። የማያም እብጠት ሊያስፈራኝ ሲገባ እኔ ደስ አለኝ። «የወተት ጥርስ ነው» አልኩና በጉጠት ነቀልኩት። እብጠቱ ሲብስ አጠገቡ ያለውን ጨመርኩ። እናቴ «የልጄ እጅ መድኃኒት ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራልኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። እብጠቱ ዓይኗን ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር ነው የነቃሁት። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ እናቴ፣ እኔና እሷ ከተማው መሀል ካለው የሣር ሜዳ አውሮፕላን ተሳፍረን አዲስ አበባ ገባን።

የሆስፒታሉ ሐኪም «ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?» አለኝ። ጤና ረዳት መሆኔን አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። አፈርኩ። «ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው» አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ጥርስ አይደለም፤ እምብዛም የማይታይ የመንጋጋ ዕጢ ነው» አለ ሐኪሙ። «ወባ የሚደጋግማቸው የቆላ ልጆች ላይ ይወጣል፤ አንድ ቫይረስም አለበት። ቶሎ ያድጋል፣ በመርፌ ደግሞ ቶሎ ይሟሽሻል። ግን በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። ካቋረጣችሁ ይመለሳል፤ ከተመለሰ መድኃኒቱን ላይሰማ ይችላል።» አባታችን ከመሞቱ በፊት ቆላው አርቦሬ ተመድቦ ይሠራ ነበር። ልጅቷ እዚያ ተወልዳ በወባ ትኩሳት ነው ያደገችው።

የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። በሳምንቱ ቀኝ ጉንጯ ልክ እንደ ግራው ሆነ። ሽንት ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጂንካ ስንመለስ ፀጉሯ በእፍኝ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች ራሷን እያዩ አማተቡ። በእኛ አገር መርፌ አይወዱም የሚባሉ በሽታዎች አሉ፤ የወፍ በሽታ አንዱ ነው፤ ነቀርሳም ከነሱ ይቆጠራል። «እብጠቱስ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ መርፌው ነው የሚገድላት» አሏት እናቴን። እኔ በዚያው ሰሞን ለክትባት ዘመቻ ወደ ቆላው ካንጋተን ተላክሁ። የቀጠሮውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ቆርጬ ለእናቴ ሰጠኋት። ከዚያ ወርጄ የሌላ ሰው ልጆች ስወጋ ሰነበትኩ።

ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል። ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናቴ ልጅቷን ገዘር ከተማ፣ አክስቴ ቤት ደብቃታለች። ስደርስ ሁለቱም ጉንጮቿ አብጠዋል፤ በቀኙ ላይ አዋቂ ነኝ ባይ በጋለ ብረት ተኩሷታል። እናቴን አልሰደብኳትም። ልጅቷን አቅፌ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ሐኪሙ የቻለውን ሞከረ፤ ዕጢው አልሰማም። ይዣት ጂንካ ተመለስኩ።

በመጨረሻው ሰሞን ውሃ እንኳ በጨርቅ ነበር የምናጠባት። አንድ ቀን እጄን ያዘችና «ጋሼ፣ እንደ ዱሮው ጥርሴን ንቀልልኝ፤ ያኔ አሽሎኝ ነበር» አለችኝ። አላሻላትም ነበር፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ነበር ተሽሎኛል ያለችው። በጣቴ ነካ ሳደርገው ወደቀ። «አየህ?» አለችኝ።

በሠልስቷ ለቀስተኛው ፊት እናቴን «የገደልሻት አንቺ ነሽ» አልኳት። ስፈልገው የኖርኩት ቃል ነበር፤ ሲወጣ ጣፈጠኝ።

አላለቀሰችም። «ለሐኪሙ ሁለት ሳምንት ስትለው ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ልጄን በሰው ፊት አላዋርድም ብዬ» አለች። «አንተ በጉጠትህ ሁለት ወር ያዝካት። እኔ ገዘር ሦስት ሳምንት። የተማርከው አንተ ነህ፤ ቁጠረው።»

ለቀስተኛው አቀረቀረ። እኔም ቆጠርኩት።