አዳራሹ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ጎረቤቴ ውብነሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ዕድሜዋን መንገድ ላይ የጨረሰች ሴት ስለሆነች የተወሳሰበ ነገር አትወድም። ለእሷ ቁም ማለት ቁም ነው። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ዶቨር ሰፈር ያለው የጋራ መኖሪያችን ቦርድ የድምፅ መስጫውን ወረቀት የላከልን ዕለት በሬን እየደበደበች መጣች።

ነገሩ የአዳራሹ ጉዳይ ነው። ቤቶቻችን ጠባብ ናቸው፣ በክረምት በረዶ ላይ ድንኳን አይተከል፤ ስለዚህ መርዶ የመጣበት ሰው ለቅሶ የሚቀመጠው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው። አንዳንድ ነዋሪዎች ጫጫታ በዛ ብለው ከሰሱና ቦርዱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያላስመዘገበ እንዳይጠቀምበት ሐሳብ አቀረበ።

«ሞት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያስመዘግባል እንዴ?» አለች ውብነሽ።

ሐሳቡንስ እንቃወመዋለን። ያንገበገባት አጠያየቁ ነው። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «አስቀድሞ ላልተመዘገበ ስብሰባ አዳራሹን መጠቀም የሚፈቅደው ንዑስ አንቀጽ እንዲሰረዝ ይስማማሉ?» አዎ ያለ ሰው አዳራሹን ይዘጋል። እንዲከፈት የሚፈልግ አይ ማለት አለበት። እኔም ደጋግሜ አንብቤ ነው የገባኝ።

የቦርዱ ጸሐፊ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደችው ናሆሚ ናት። አብረን ሄድን።

«እትዬ፣ አይ ጌት ኢት፣ ግን ሎየሩ አፕሩቭ አድርጎታል። ዎርዲንጉን ቼንጅ ማድረግ አልችልም።»

«ናሆሚዬ፣ ‹ሰው ሲሞት አዳራሹ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?› ብሎ መጠየቅ ምኑ ይከብዳል?» አለቻት ውብነሽ።

«ላይክ... ቱ ኢሞሽናል ነው ይላሉ። ሶሪ እትዬ።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ግን ሰው እንዲመልስ ጠይቆ እንዳይገባው አድርጎ መጻፍ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ውብነሽ ከሥራ ስትመለስ በየቤቱ እየዞረች ልታስረዳ ተነሣች። እዚህ ላይ የባሰው መጣ፤ ለካ ከጠበቃውም የሚብስ የእኛው ይሉኝታ ኖሯል። ያንኳኳችበት ሁሉ «ገብቶኛል» ይላል። ጋሼ መዝገቡማ፣ የሁላችን ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ገና ስታወጣ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ገብቶኛል ልጄ፣ ገብቶኛል። ይልቅ ግቢና ሻይ ጠጪ።»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ላንብብልዎት።»

«እኔ ማንበብ ያቅተኛል?» አሉ፣ ፊታቸው ቅጭም አለ።

ሽማግሌን አልገባዎትም ማለት ስድብ ነው። ሻዩን ጠጥታ ወጣች። ደረጃው ላይ ግን «ይሄ ይሉኝታ ይገድለናል!» ብላ ጮኸች። አንድ ሰው አልገባኝም ቢላት ጉልበቱን ትስም ነበር።

በአንድ ድምፅ ልዩነት ተሸነፍን። ማግስቱን ሁሉም ወገቡን ይዞ ቦርዱን መርገም ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውብነሽ ደግሞ ሳይገባው አዎ ያለውን ያንን አንድ ሰው ሳገኘው ልክ ልኩን እነግረዋለሁ እያለች ስትዝት ከረመች።

በየካቲት የጋሼ መዝገቡ ታላቅ እኅት መርዶ ከደሴ መጣ። አዳራሹ ተቆልፏል። ለቀስተኛው እሳቸው ቤት አልበቃ ብሎ ካፖርቱን እንደለበሰ ደረጃው ላይ ተደረደረ። አሮጊቶቹ ብርዱን መቋቋም አቅቷቸው ሳይቀመጡ ተመለሱ። ጋሼ ፍራሽ ላይ ሆነው በተከፈተው በር ሰዉን ያያሉ፤ የከበዳቸው ሐዘኑ ብቻ አልነበረም።

«ለእኅቴ ለቀስተኛ ማስቀመጫ ልጣ?» አሉ። «ማን ነው እንዲህ የጨከነብኝ? እኔ እንኳ አዎ ብዬ ነበር። በዚህ በእጄ አዎ ላይ ምልክት አድርጌ ነው የሰጠሁት!»

እኔ ወደ ውብነሽ ዞርኩ። ስትፈልገው የከረመችው ሰው ፊቷ ተቀምጧል፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«አዎ ማለትዎን አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «እግዜር ያጽናዎት።»

ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ከቆሙት ጋር ቆመች።