ካባ ያገተችው ልብስ ተኳሽ

በላውንደሪው «እሺ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት አማቷ ናቸው። አዲስ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን ተነሽ ሲሏት እሺ፣ ተቀመጪ ሲሏት እሺ፣ ያንን አምጪ ሲሏት እሺ ስትል ጊዜ፣ አማቲቱ ሳቁና «ልጄ እሺን አግብቶልኝ መጣ» አሉ። በዚያው ቀረ። አማቲቱ ካረፉ ቆይተዋል፤ ስሙ ግን አለ፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

ላውንደሪው ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ጠበቆች ጥቁር ካባቸውን ሊወስዱ እየተሯሯጡ ይገባሉ። እሺ ካውያዋን ይዛ ከመደርደሪያው ጀርባ ትቆማለች። የትኛው ጠበቃ ብብቱን እንደሚያልበው፣ የትኛዋ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ እንደምትረሳ ታውቃለች። ከጀርባዋ በልብስ ማጠቢያው ላይ የሚሠሩት ቀልደኛ ሽማግሌ ካባዎቹን ወደ ውሃ ሲከቱ «ሕጉ እንዳይለቅ ቀስ ብዬ ልጠበው» ይላሉ።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ይውላል፣ መንገድ ያድራል። ውሎ አድሮ መንገዱ ላይ ሌላ ጎጆ እንደቀለሰ ተሰማ። እሺ አልጮኸችም። እንፋታ ሲላት እንደልማዷ እሺ አለች። በውስጧ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ። ልጅቷ ከእሷ ጋር መሆኗን የሚጠራጠር ሰው ይኖራል ብላ ስላላሰበች፣ አፍ አውጥታም አልጠየቀች።

ነገሩን የያዘው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። የትም ቢቀመጥ ስብሰባ የሚመራ ስለሚመስለው ቤተሰቡ እሱ በሌለበት «ሊቀመንበሩ» ይለዋል። አንድ እሁድ ባልና ሚስቱን ቤቱ ጠርቶ ፕላስቲካቸው ካልተነሳላቸው ሶፋዎቹ ላይ አስቀመጣቸውና ያስጻፈውን የፍቺ ስምምነት በአንድ ትንፋሽ አነበበው። ገመናችን አደባባይ አይውጣ፣ በስምምነት እንጨርሰው አለ። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። የሊቀመንበሩ ሚስት ልጅቷን ስኒ አሰብስባ ስታበቃ፣ እጇ እንዴት ቀልጣፋ ነው፣ ልጆቻችን ሄደው ቤቱ ጭር ብሏል፣ ለመላላክ እንኳ ሰው ጠፋ አለች።

ከተነበበው ውስጥ እሺ ጆሮ የገባው «የእናት የመጎብኘት መብት የተጠበቀ ነው» የሚለው ነበር። መብት ሲባል ደስ አላት። የተጠበቀ ሲባል ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት። ፈረመች።

«ዳኛዋ ገብቶሻል ወይ ብላ ትጠይቅሻለች» አላት ሊቀመንበሩ በር ድረስ እየሸኛት። «አንቺ አዎ ትያለሽ። አለቀ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ እጇን እንደያዘች ጠየቀቻት።

«እማ፣ የሚጎበኘው የታመመ ሰው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማነው የታመመው?»

እሺ የልጅቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

በማግስቱ አንድ ወጣት ጠበቃ ክራቫቱን እያሰረ ገባና ካባዬን ቶሎ አላት። እሺ ካባውን ከመስቀያው አወረደችው፤ ግን አልሰጠችውም።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። የፈረምኩት ወረቀት «አሳዳሪው አባት ነው» ይላል፤ አሳዳሪ ማለት ምንድን ነው?»

ወጣቱ ሳቀ፤ ችሎት እየገባ መሆኑን ነገራት። እሷ ካባውን እንዳቀፈች ቆመች። እንደማትለቅ ሲያይ ነገራት፤ ልጅ የሚኖረው አሳዳሪው ጋ ነው፣ ትምህርት ቤቱንም ሕክምናውንም የሚያየው አሳዳሪው ነው። ጎብኚውስ ስትለው፣ በተወሰነለት ቀን መጥቶ አይቶ ይመለሳል አላት። ካባውን ሰጠችው።

ወረቀቱ ልጅቷን ለአባቷ ሰጥቷታል። አባቷ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የምትገባው ሊቀመንበሩ ቤት፣ ስኒ ልትሰበስብ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ካባ በነጻ አልወጣም። ከረሜላ የምትረሳዋ ጠበቃ እሺ ቤቷ በባሏ ስም ስለሆነ የእሱ ብቻ እንደሚመስላት ስትሰማ ቦርሳዋን አስቀመጠችና፣ በትዳር ውስጥ አብራችሁ ያፈራችሁት በማንም ስም ይሁን የጋራ ንብረት ነው፣ ሌላ ነው የሚል እሱ ያስረዳ ብላ አስረዳቻት። ሌላዋ ስለ ቀለብ ነገረቻት፤ ችሮታ ሳይሆን የልጅ መብት ነው፤ ልጁ ከማንኛው ወላጅ ጋር ቢኖር ሌላኛው እንደ አቅሙ ይቆርጣል። ማጠቢያው ጋ ያሉት ሽማግሌ «ዛሬስ ማንን አገትሽ?» እያሉ ይስቃሉ። አንድ ቁጡ ጠበቃ ለአሠሪሽ እናገራለሁ ሲላት ይናገሩ አለችው፤ እስኪነግሩኝ ግን እዚሁ ነን።

ዋናውን ነገር ያገኘችው ከአንድ አዛውንት ጠበቃ ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው አዳመጧት።

«ግን ፈርሜያለሁ» አለቻቸው።

«ዳኛ ፊት እስኪጸድቅ ድረስ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ዳኛዋ የምትጠይቅሽ ለወግ መስሎሻል?»

«ካልተስማማሁ ፍቺው ይቀራል?»

«አይቀርም። ፍቺው ለብቻው ነው፣ የልጅ ነገር ለብቻው፣ ንብረቱም ለብቻው። አንዱን እሺ ስላልሽ ሁሉንም እሺ ብለሻል ያለሽ ማነው?»

ይህንን ደግመው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ደገሙላት።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጠባብ ክፍል ሆኖ አገኘችው። ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ተቀምጧል። ዳኛዋ ስትገባ እሺ መጀመሪያ ያየችው ካባዋን ነው። ትናንት የተኮሰችው እሷ ናት፤ የግራ እጅጌውንም ቁልፍ ራሷ ናት የተከለችው፣ ክሩ ትንሽ ደመቅ ብሏል። ያንን ክር ስታይ ትንፋሿ መለስ አለ።

ዳኛዋ ስምምነቱን ካገላበጠች በኋላ፣ ይዘቱን ተረድተው ያለ ማንም ግፊት ነው ወይ የፈረሙት ብላ ጠየቀቻት። ከኋላ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የዓመታት እሺ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ስፈርም አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው የማልስማማው።»

ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ ሴትዮዋ ተምታቶባት ነው አለ። ዳኛዋ ማን መሆኑን ጠየቀችው። የባል ወንድም ነኝ አለ። እንግዲያው ይቀመጡ ተባለ።

«ፍቺውን እስማማለሁ» ቀጠለች እሺ። «ልጄን ግን አልጎበኝም። የታመመችም የታሰረችም አይደለችም። አብራኝ ትኖራለች።»

ዳኛዋ ወደ ባልየው ዞረች። እርስዎ መንገድ ላይ ሲሆኑ ልጅቷ ከማን ጋር ናት? ባልየው አፉን ከፍቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንድሙ ዞረ። ዳኛዋ ሁለቱንም አየቻቸውና ስምምነቱን አላጸድቅም አለች። ልጅቷ ራሷ ተጠይቃ ጉዳዩ እስኪወሰን ከእናቷ ጋር ትቆይ ብላ ቀጠሮ ሰጠች።

ደረጃው ላይ ሊቀመንበሩ ደረሰባት። አዋረድሽን፣ ገመናችንን አደባባይ አሰጣሽው አላት።

«ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለችው። «ታጥፎ የተቀመጠ እርጥብ ልብስ ይሸታል። ይሰጣ።»

ውሎ አድሮ አሳዳሪነቱ ለእሷ ተወሰነ፤ አባትም ቀለብ እንዲቆርጥ፣ እሁድ እሁድ እንዲጎበኛት ተባለ። ባልየው ያለ ወንድሙ ሲመጣ መልካም ሰው ነው፤ ልጅቷን ይዟት ይወጣል፣ አምሽቶ አያውቅም።

የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ ግን ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። ባለቤቴ ወገቧን አሟታል፣ ልጅቷን ለጥቂት ሳምንት ልውሰዳት፣ ታጫውታት አለ። እሺ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችለት።

«ጉብኝቱ የአባቷ ነው፣ ጋሼ። የአጎት የሚል አልተጻፈም። በእንግድነት ግን ይግቡ፣ ሻይ ተፈልቷል።»

እንደ ድሮው እሺ እንድትለው ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። አላለችም። ገብቶ ተቀመጠ። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ባዶውን ስኒ እንደያዘ ልጅቷን በዓይኑ ፈለጋት። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው።

«ስኒ ማጠቢያው በስተግራ ነው፣ ጋሼ» አለችው እሺ።