ጉርዱ ቤት ነፋስ ሲነሳ

የእህቴ ባል በበር ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ረጅም ሰው ነው፤ ሥራ ቦታ ግን «ጉርዱ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከሙያው ነው። አናጺ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የእንጨት ቤት ሠርቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ አንዲት ነገር ሲጨቀጭቅ ያልሰማው ሠራተኛ የለም፤ በግድግዳው አናት ላይ፣ ጣሪያውን በሚሸከሙት በየሁለቱ ወራጅ እንጨቶች መካከል ተቆርጣ ስለምትገባ ጉርድ እንጨት።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። እሱ ያቆመውን እኔ ስለምቀባ ስብከቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰው የሚፈራው ጣሪያ ወደ ታች እንዳይወድቅ ብቻ ነው፤ ነፋስ ግን ከጎን ነው የሚገፋው። የተገፋ ጣሪያ ግፊቱን ለግድግዳ ማቀበል አለበት፤ ግድግዳውም ለመሠረቱ። ጣሪያንና ግድግዳን የሚያቀባብሉት ደግሞ ጉርዶቹ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ወራጆቹ ደጋፊ እንዳጣ የመደርደሪያ መጽሐፍ ወደ ጎን ይጋደማሉ፤ ጣሪያው ይሄዳል፣ ግድግዳው ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ የቤት ባለቤት «ኮርኒስ ለሚሸፍነው ነገር ይህን ያህል እንጨት ለምን?» ቢለው፣ «ያንተስ አከርካሪ ይታያል እንዴ?» አለው። ሰውየው እንጨቱን ገዛ።

እህቴ ታዲያ ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው እሱ ወጣት ሳለ በሠራው ቤት ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከመኝታ ቤቱ ጥግ «ጓ» ይላል፣ የጓዳው በርም አልዘጋ ይላል። ትነግረዋለች፤ እንጨት ነው፣ ይለመዳል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ደንበኛ ቢሆን የነገረው መሰላሉን ተሸክሞ ይበር ነበር። ባለሙያ ያገባች ሴት ሁሉ ዕጣዋ ይኸው ነው መሰለኝ።

ዘንድሮ ነፋሱ በረታ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ገና ባለፈው ወር የቀባሁት ኮርኒስ ነው፤ ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ እኔ ነኝ የማውቀው። እህቴ ግን አልተቆጣችም። ሻንጣ አወጣችና ልጇ ዘንድ ልትሄድ እንደሆነ ተናገረች፤ ለጥየቃ ሳይሆን ለመኖር። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እሱን ክው ያደረገውም ይህ ነው። እኔም ፈራሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ማየት አልፈልግም።

ሦስት ቀን እንድትታገሠው ለመናት፤ እሺ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እኔን ጠራኝና ኮርኒሱን ነቅለን አወረድን። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ባትሪ አበራና እዚያው ቀረ። አልወርድ ሲል እኔም ከጎኑ ወጣሁ። በወራጆቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው፤ አንዲት ጉርድ የለችም። ወራጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል፤ አንዳንዱ ምስማር ግማሹ ወጥቷል። ይህን ቤት ሲሠራ ገና ሙያውን በቅጡ አያውቅም ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ቆይቶ ሲማር የሰውን ቤት ሁሉ አረመ፤ የራሱን ግን አንድ ቀን ወጥቶ አላየም። መሳቅ አምሮኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው።

ለእህቴ እንዳልነግራት የሚለምነኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወርዶ ራሱ ጠራት፤ ባትሪውን ሰጥቶ መሰላሉን ያዘላት።

«ልክ ነበርሽ» አላት። «እኔ ነኝ ያላስገባሁት።»

ወጥታ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈችና ከክፍሉ ወጣች።

የቀሩትን ሁለት ቀን ሙሉ ሠራን። ወራጆቹን በገመድ እየሳብን አቃናን። እሱ ጉርዶቹን እየለካ ቆርጦ አስገባ፤ የጣሪያውን ጣውላ ከጉርዱ ጋር፣ ጉርዱን ከግድግዳው አናት ጋር በምስማር አያያዘ። አንዷን ቦታው ጠበባት ብሎ ሦስት ጊዜ ላጋት። ኮርኒሱን መልሰን ሰቀልን፤ እኔም እያጉረመረምኩ ቀባሁ። ሲያልቅ እህቴን ጠርቶ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቆመ። እሷ ዞር ዞር ብላ አይታ ሻንጣዋን ዘጋች።

«ቤቱን እኮ አስተካከልኩት» አላት።

«አየሁት፤ እጅህ ይባረክ» አለችው። «እኔን ያስመረረኝ ግን ቤቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ስነግርህ አንድ ቀን ሰምተኸኝ አለማወቅህ ነው።»

ሄደች። እሱም ሥራ ቦታ ስለ ጉርድ ማንሳት ተወ፤ ሠራተኞቹ የታመመ መስሏቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ማታ ማታ ያቀረብኩለትን ምግብ ነካ አድርጎ ይተወዋል። እኔም ዕቃዬን ይዤ እሱ ዘንድ ሰነበትኩ፤ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም።

እሷ በሄደች በስምንተኛው ቀን ጠዋት ነፋስ ተነሳ። ውጭ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማል፤ የእሱ ቤት ግን ንቅንቅ አላለም። የጓዳው በር በአንድ ጣት ተዘጋ። እሱ ጥቂት አዳመጠና ስልኩን አንስቶ ደወለላት። አሁን ቤቱ ጸጥ አለ ብሎ ሊመጻደቅ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሌላስ?» አላት። «ሌላስ ነግረሽኝ ያልሰማሁት ምን አለ?»

ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣ፣ ከወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ ጣውላ አነሳና የምትለውን መጻፍ ጀመረ። ጣውላው ሲሞላ ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ።