ተይዟል

ባሕር ዳር አንድ ወዳጄ የሠራትን ባለሸራ ጀልባ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ሐይቁ ላይ ሦስት አራት ቀን ሊያድርባት ነው የሠራት። ጎንበስ ብለን ገባን። ፍራሹን ሲያነሣው ከሥሩ ክዳን አለ፤ ክዳኑን ሲከፍተው የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። የጣውላው ሽታ ሲመጣብኝ ብቸና ትዝ አለችኝ።

አባቴ ከአርሲ ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነበር። የተከራየናት አንዲት ክፍል ለአምስታችን አልበቃ ስትል፣ መድኃኒት በሚመጣባቸው የጣውላ ሣጥኖች አልጋ ሠራልን። ከላይ እንተኛለን፤ ከሥር ልብሱም ሽሮውም ድስቱም ይገባል። በእኔ ራስጌ በኩል ያለውን ሣጥን ግን ባዶውን ተወው።

አንድ ቀን አባቴ ያከመው ገበሬ ግማሽ ጆንያ ሽንብራ አመጣልን። እናቴ ቦታ ብታጣ እዚያው ባዶው ሣጥን ውስጥ ገለበጠችው። አባቴ ከሥራ ገብቶ ሲያየው፣ ሳይቆጣ እየዘገነ ወደ ጆንያው መለሰው።

«ታዲያ የት ላድርገው?» አለችው።

«እንጃ፤ ይሄ ግን ተይዟል። ለእናቴ የምወስድላት ጋቢ መግቢያ ነው። ዕረፍት ሲሰጡኝ አርሲ እንሄዳለን።»

ሽንብራው እግራችን ሥር አብሮን ከረመ። ወደ ሞጣ ስንዛወር አልጋው ተፈቶ ተጫነ፤ እዚያም ተገጠመ። ያ ሣጥን ባዶውን ሄዶ ባዶውን ተቀመጠ። አርሲ ግን አልሄድንም።

ወዳጄ የመጨረሻውን ክዳን ከፈተ። ውስጡ ምንም የለም።

«እዚህ ምን ላስቀምጥ ትያለሽ?» አለኝ።

«ተይዟል» አልኩት፣ ሳላስበው።