ሦስቴ እስኪሉኝ

በመሄጃዬ ዋዜማ እናቴ አላለቀሰችም። ከብቶቹ ገብተው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዚፑ እንዲዘጋ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ትጫነዋለች፤ እኔና ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ከወዲህና ከወዲያ እንጎትታለን። ውስጡ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ሁለት ፌስታል ዳቦ ቆሎ ነው፤ ልብሴ በተረፈው ቦታ ገባ። ሲነጋ ከገሳይ መኪና ይዤ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ፖላንድ የሚባል አገር ልሄድ ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ስለ አፈር ልማር። አባቴ ነገሩ እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። «አፈሩ እዚህ፣ ትምህርቱ እዚያ?» አለ።

እናቴ ከሻንጣው ሳትነሳ መከረችኝ። «ሰው ቤት ገብተሽ ሲያቀርቡልሽ በመጀመሪያው እሺ እንዳትይ። ጠግቤያለሁ በይ። ሁለተኛ ሲሉሽም ግድ የለም በይ። ሦስተኛ፣ በሞቴ ሲሉሽ፣ ያን ጊዜ ቁረሽ። ያለዚያ ርሃብ የሰደዳት ናት ይሉሻል።»

እታለም ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ የአውሮፕላን ቲኬቴም የእሷ ላብ ነው። ሳቀች። «እማ፣ እዚያ አገር በሞቴ የሚል የለም።»

«ምነው፣ ሰው አይደሉም?» አለች እናቴ።

እታለም ዚፑን በኃይል ሳበችው፤ ተዘጋ።

ፖላንድ አየር ማረፊያ ላይ የተከፈተው ያው ሻንጣ ነው። ፈታሹ ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሽሮ።»

«ሽሮ ምንድን ነው?»

«ዱቄት።»

«ለምን ያገለግላል?»

«ለምሳ። ለራትም።»

ሰውዬው ውሻ አስጠራ። ውሻው መጥቶ በርበሬውን አሸተተ፣ ደጋግሞ አነጠሰ፣ ከዚያ ጌታውን ቀና ብሎ በወቀሳ አየው። እኔን አሳለፉኝ። በዚያ አገር መጀመሪያ ያዘነልኝ ያ ውሻ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ስለ አገሩ ልንገራችሁ። ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች፤ እኛ ዘንድ ከብት ገና ሜዳ ላይ ነው። ብርዱን ጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይችለዋል ብዬ ነበር የመጣሁት፤ የኛ ውርጭ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ ይኼኛው የሚለቅበት ሰዓት የለውም። ምግቡ ድንች ነው። የአገሬን የፋርጣን ድንች ሸሽቼ መጥቼ ድንች ተቀበለኝ፤ ያውም ሚጥሚጣ ያላየ ድንች። ሰው ሰላም አይልም። ደረጃ ላይ የሚያጋጥመኝን ሁሉ «እንዴት አደሩ» ስል ሰንብቼ፣ አንዷ ልጅ ምን እንደምፈልግ ስለጠየቀችኝ ተውኩት።

ኅዳር ላይ ጾሙ ገባ፤ ሽሮዬን ለጾሙ ብዬ ቆጥቤ ይዤ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ዶርማችን በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ለገና ዕረፍት ሕንፃው ይዘጋል፣ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ተማሪ ሁሉ ይውጣ ይላል። የነሱ ገና ከኛ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በጾማችን መሐል ነው የሚውለው። ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብኩት። የምበላበት ገንዘብ ከወር ወር የሚያደርሰኝ በጭንቅ ነው፤ ሆቴል የማይታሰብ ነው። የማውቀው ሰው የለ፣ የሚያውቀኝ የለ። የት እንደምወድቅ አላውቅም ነበር፤ ይኼ ነው ጭንቀቴ፣ ሌላ አይደለም።

ወደ ተማሪዎች ቤቶች ቢሮ ሄድኩ። ፓኒ ባርባራ የሚባሉ ሴትዮ አሉ፤ ፓኒ ማለት እንደ ወይዘሮ ነው።

«ተማሪዎች በዕረፍቱ ቤታቸው ነው የሚሄዱት» አሉኝ።

«ቤቴ ገሳይ ነው።»

«እንግዲያው ቲኬቱን ቶሎ ይቁረጡ። በበዓል ባቡሩ ይሞላል።»

«ባቡሩ ገሳይ አይደርስም።»

«አውቶቡስስ?»

ካርታ አውጥቼ በስልኬ አሳየኋቸው። ባሕሩን፣ ሰሐራውን፣ ሁሉንም አዩት። «አዎ፣ ሩቅ ነው» አሉ። «ቢሆንም ቁልፉን ከዓርብ በፊት ያስረክቡ።»

አልጋ የሚያከራይ ሰው ዘንድም ደወልኩ። ለገና ሳምንት ኪራዩ እጥፍ ነው አለኝ። የእኔ ገና እኮ አሁን አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብዬ ተከራከርኩት፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሰውዬው አሰበበት። «ጥሩ፣ እንግዲያው ያን ጊዜ ይምጡ፤ ይቀንሳል» አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ማግዳ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የገበሬ ልጅ ናት፣ እጇ ሥራ ያውቃል፣ ስለ ላም ሳወራት ይገባታል። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ስንወጣ መሐረቧን አንገቷ ላይ እየጠመጠመች፣ «ሙሉ፣ ለምን ከኔ ጋር አትመጪም? እናቴ አምጫት ብላለች። ዕረፍቱን እኛ ቤት ታሳልፊያለሽ» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የእናቴ ነው። «አይ፣ ግድ የለም፤ አላስቸግራችሁ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ይኼ ሁለተኛው ነው ብዬ ቆጠርኩት። «አዎ፣ ግድ የለም» አልኩ። ሦስተኛውን ለመቀበል ፊቴን አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ አቀርቅሬ፣ እንግዲህ ካላችሁ ብዬ እሺ ልል ነው።

«እሺ፣ እንደፈለግሽ» አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና ደረጃውን ወረደች።

እኔ ቆምኩ። ቦርሳዬን የማስተካክል መስዬ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። አንድ ነገር ረስታ የምትመለስ መስሎኝ እስከ በሩ ድረስ በዝግታ ሄድኩ፣ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያም ሄድኩ፤ ማግዳ በመስኮት አይታኝ እጇን አውለበለበች። ዶርም ገብቼ ስልኬ ላይ «ማግዳ፣ ብመጣስ?» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። አይሆንም ያልኩትን ነገር ተመልሼ መለመን እንዴት ብዬ? ልትመጡ ያሰባችሁ ልጆች ካላችሁ ይኼን ስሙኝ፤ ይሉኝታችሁን ከሻንጣ አውጥታችሁ እዚያው ቤት ተዉት።

ዓርብ ሁሉም ሲወጣ እኔ ቁልፉን አላስረከብኩም። ክፍሌን ከውስጥ ቆልፌ ቀረሁ። መብራት አላበራም፣ በካልሲ እሄዳለሁ፣ ስስል አፌን በትራስ እይዛለሁ። ማሞቂያው በመጀመሪያው ቀን ሞተ። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ በላዩ ነጠላዬን ደርቤ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፤ እግሬ ግን የኔ አልመስል አለ። ቤት ስደውል እንዳለፉት ሳምንታት ያው ነው፤ ኔትወርክ የለም፣ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትላለች። እናቴ በሕይወት መኖሯን እንኳ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። ቆላ ወርዶ እብናት ገበያ እንደጠፋ በግ፣ ማን ብሎ ይጠራኛል ብዬ አለቀስኩ። ምን አባቴ ልሠራ መጣሁ አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ርሃቡ በረታና በትንሿ ምድጃ ሽሮ ሠራሁ። የሽሮ ሽታ ቁልፍ አይከለክለውም። በሩ ተንኳኳ።

ፓን ስታሼክ ናቸው፤ ፓን ማለት እንደ አቶ ነው፤ የሕንፃው ጥበቃ፣ አባቴን የሚያክሉ ሽማግሌ። ከፈትኩ። ድስቱን አዩ፣ ነጠላዬን አዩ፣ እንደ ጭስ የሚወጣውን ትንፋሼን አዩ። እኔ የማውቀው ፖላንድኛ ሁሉ ጠፋኝ። ልታስወጡኝ ነው ወይ ልላቸው ፈልጌ «ቤት የለም፣ ቤት የለም» ብቻ አልኩ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «ዛሬ ቪጊሊያ ነው» አሉኝ፤ የገና ዋዜማ ማለታቸው ነው። «እኛ ቤት ራት…»

«እሺ» አልኩ።

ሰውዬው ገና አልጨረሱም ነበር። እናቴ ብታየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፣ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ሰው ሦስት ሳህን ተቀምጧል። ባለቤታቸው ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ በዚህ ማታ መንገደኛ ቢመጣ ተብሎ አንድ ሳህን ባዶ ይቀመጣል፣ አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። «ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ አስቀምጠናል» አሉ። «መጥቶ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።» በጠረጴዛው ላይ ሥጋ የለም፤ ለካ እነሱም የዚያን ማታ ሥጋ አይበሉም። ቀይ የቀይሥር ሾርባ፣ ጎመን የተሞላ ሊጥ፣ ዓሣ። ዓሣውን ተውኩት፣ ሌላውን ለመብላት ግን አላፈርኩም። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ሴትዮዋ ጭልፋውን አንስተው «በቃሽ?» አሉኝ።

«በቃኝ» አለ አፌ።

ጭልፋውን አስቀመጡ። ልክፍት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ከራት በኋላ ፓን ስታሼክ እስከ ዶርሙ ሸኙኝ። ቤታቸው አልጋ አንድ ብቻ ነው፤ የዶርሙን ማሞቂያም ማብራት አይችሉም፣ ሥራቸውን ያጣሉ። «እኔ አላየሁሽም» አሉኝና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና ዳቦ ሰጡኝ። በነጋታው ይመለሱ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ፈረቃቸው አልቆ ነበር፤ ሌላ ጥበቃ ነው የመጣው። የቀረውን ዕረፍት በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ድምፄን አጥፍቼ ገፋሁት፤ አንዳንድ ጠዋት ለመነሳት ምክንያት አጣለሁ።

በኛ ገና ዋዜማ ዶርሙ ተከፈተ። ማግዳ ጉንጯ ቀልቶ፣ በቆርቆሮ ኬክ ይዛ መጣች። «ለምን ቀረሽ?» አለችኝ። «እናቴ አልጋ አንጥፋልሽ ነበር።»

«ሁለቴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ» አልኳት።

«ስንቴ ልጠይቅሽ ኖሯል?»

«ሦስቴ።»

ማግዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀልድ መሰላት፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

በገና ዕለት አንድ እንቁላል ጠብሼ ፈሰክሁ። እንደ ልማዴ ደወልኩ፤ የዚያን ቀን ጠራ። እታለም ናት፤ ኔትወርክ ፍለጋ እናቴን ይዛ ጉብታው ላይ ወጥታለች። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት።

«ልጄ፣ እንኳን አደረሰሽ። በሬ በቅርጫ አርደናል፤ ያንቺን ድርሻ ቋንጣ አድርጌዋለሁ። የት ዋልሽ? በነሱ በዓልስ ማን ቤት ነበርሽ?»

«ፓን ስታሼክ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት። እንዳባባ ያሉ ሰው ናቸው።»

«በሞቴ አሉሽ?»

«አሉኝ።»

«ስንቴ?»

«ሦስቴ» አልኳት።

«እሰይ» አለች። «እታለም፣ ሰማሽ? ሰው ናቸው ብዬሽ ነበር።» ከኋላዋ እታለም አልሳቀችም።

ከዚያ እናቴ ድምፅዋ ተለወጠ። «መቼ ትመጫለሽ?»

«ግድ የለም እማ፣ ትምህርቱ ይለቅና።»

«ለፋሲካስ? መቼ ትመጫለሽ?»

«ቲኬቱ አይሆንም። ግድ የለም፣ ደህና ነኝ።»

ነፋሱ ብቻ ተሰማ። «በሞቴ» አለች።

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳው መስመሩ ተቋርጧል፤ ሰምታኝ ይሁን አላውቅም። እስከ ማታ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አልጠራም።